ኬጂ ክላስ ውስጥ ልጅ በእጁ እየነካ እንዲማር ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሞንቴሶሪ» (ልጅ ራሱ መርጦ በእጁ እየነካ የሚማርበት ዘዴ ነው) የሚል ታፔላ አሁን ብዙ ቦታ አለ፣ ገብታችሁ ስታዩ ግን አንዳንዱ ጋ ልጆቹ ተደርድረው ቁጭ ብለው ሚስ ያለችውን ይደግማሉ። እኔ ራሴ ኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን (አንዳንዱንም የሠራሁትን) ልጻፍላችሁ።

1. ልጁ ይምረጥ ሲባል ልቅ ይሁን ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። ሚመርጠው እኮ መምህሯ ቀድማ ካዘጋጀችው፣ አንዴ ቀስ ብላ ካሳየችው ነገር ውስጥ ነው። ሲጨርስ ቦታው ይመልሳል፣ ጓደኛው የያዘውን አይቀማም፣ ተራ ይጠብቃል። ይሄ ከሌለ ክላሱ ገበያ ይሆናል፣ ከዛ ወላጅ «ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም» ብሎ ልጁን ያስወጣል።

2. ውድ ዕቃ ካልተገዛ አይሆንም ማለት። ዘዴውን የጀመረችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች፣ «የልጆች ቤት» ያለችውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን በ1907 እ.ኤ.አ. የከፈተችውም ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሰፈር ነው። ልጆች ከትልቅ ወደ ትንሽ እየደረደሩ ግንብ የሚሠሩባቸው፣ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያሉት 10 ሮዝ ኩቦች ቢኖሩ ደስ ይላል፣ የሰፈር አናጺም ይሠራቸዋል። እስከዛው ግን ሽምብራና ባቄላ ቀላቅሎ ማስለቀም፣ ከጆግ ወደ ሲኒ ውሃ ማስቀዳት፣ ቆርኪ በስቶ አሥር አሥሩን በክር ማሰር ይቻላል። አደራ ጥራጥሬ ስትሰጡ ከአጠገባቸው አትራቁ፣ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

3. ቶሎ ማረም። ይሄ የኔ በሽታ ነበር። አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ውሃ እየቀዳች ሲኒው ሞልቶ ፈሰሰ፣ እኔ ሮጬ ጆጉን ልቀበላት ስል ቀና ብላ አየችኝና እጇን ሰበሰበች፣ የዛን ቀን ድጋሚ አልነካችውም። ሲያመልጣት ራሷ ታየዋለች እኮ፣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነው! ከዛ በኋላ ጨርቅ አጠገቡ አስቀምጬ ዝም ማለት ጀመርኩ፣ በሳምንቱ ጠርጋ ሲኒው አፍ ጋ ሳይደርስ ማቆም ለመደች። «ጎበዝ ጎበዝ» እያሉ መሃል መግባትም ያው ነው፣ ልጁ ሥራውን ትቶ ያንቺን ፊት ማየት ይጀምራል።

4. እርሳስ ላይ መጣደፍ። የ3 ዓመት ልጅ ዲክቴሽን ሲጽፍ፣ ሆምወርክ ይዞ ሲሄድ ሳይ ያመኛል፣ ጣቶቹ ገና ናቸው። ፊደሉን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉለት፣ በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ አካሄዱን ተከትሎ እየዳሰሰ ድምፁን ይበል። የኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፣ እንግሊዝኛው «ቢ» ተብሎ ተምሮ ሲያነቡት «ብ» ነው፣ የኛ ላ ግን ስሙም ድምፁም ላ ነው። ስለዚህ 33 በ7 ገበታው በቃል እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ላ እና ም ያወቀ ልጅ ሁለቱን ካርቶን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላም ማለት ይችላል። ልጅ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያደርግ ካላያችሁ ደስታውን ልነግራችሁ አልችልም፣ ፊቱ ይበራል።

5. ፔሬድና ዕድሜ። ልጁ ገና ልቡ ሥራው ላይ ሲያርፍ ደወል ይደወላል። ሞንቴሶሪ ክላስ ውስጥ ለሥራው ሳይቋረጥ የ3 ሰዓት ያህል ጊዜ ነው ሚሰጠው፣ ባይቻል እንኳ ጠዋቱን አትቆራርጡት። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉትን አንድ ላይ ማስቀመጥም ወላጅን ያስፈራል፣ ግን የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ጠይቁ፣ የቀደመው ልጅ አይደል እንዴ ጀማሪውን ፊደል ሚያስቆጥረው።

6. ይሄኛው ለእናትና አባት ነው። ክላስ ውስጥ የልብሱን ቁልፍ ራሱ ሚቆልፍ ልጅ ቤት ሲገባ ያለብሱታል፣ ጫማው ይታሰርለታል፣ በእጁ እንዳይበላ ሁሌ ያጎርሱታል። ጥድፊያ እንደሆነ ይገባኛል፣ ሰርቪሱ ውጭ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። ቢያንስ ጠዋት 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ቀስቅሱትና ጫማውን ለሱ ተዉለት፣ ግራና ቀኙን ቢያቀያይረውም ትንሽ ሲራመድ ራሱ ይሰማዋል።