ሕንፃው ባዶ ሲሆን ቆጣሪው ለምን ይዞራል?

የሕንፃን የውሃና የመብራት ብክነት ለመቀነስ ከማንኛውም ግዢ በፊት ቆጣሪ ይነበብ። ሰው በሌለበት ሰዓት የሚቆጥረው ነገር፣ ሌሊትም መሥራት ካለባቸው ጥቂት ዕቃዎች በቀር፣ ብክነት ነው።

ማታ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ የሁለቱንም ቆጣሪዎች ንባብ ከነሰዓቱ ጻፉ፤ ጠዋት ሰው ሳይገባ ድገሙት። በ12 ሰዓታት ውስጥ 24 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጠረ ሕንፃው ባዶውን 2 ኪሎዋት ሲስብ አድሯል። ውሃ ደግሞ በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢፈስ በቀን 1,440 ሊትር ይሆናል።

ውሃ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ ቆጣሪው የሚያውቀው ወደ ታንከሩ የገባውን ብቻ ነው፤ ቆጣሪው ቆሞ ሳለ ከታንከሩ በታች ውሃ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ታንከሩ ማታ ከሞላ በኋላ መግቢያውን ዝጉና የውሃውን ከፍታ በሜትር ለኩ። ወለሉ 2 በ2 ሜትር የሆነ ታንከር እስከ ጠዋት በ1 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ 40 ሊትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ የየፎቁን ቫልቭ ተራ በተራ እየዘጋችሁ ጉድለቱ የሚቆምበትን ፎቅ ፈልጉ። የታንከሩ የትርፍ ውሃ ማስወጫ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር ገብቶ ከሆነም ሰው በሚያየው ቦታ እንዲፈስ አድርጉት፤ ተንሳፋፊው መዝጊያ ሲበላሽ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሽንት ቤት ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳልና። ውሃ መያዣው ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ፣ ለ15 ደቂቃ ማንም አይልቀቀው። ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ የታችኛው ጎሚኒ (ውሃውን የሚዘጋው ጎማ) አይዘጋም። አዲስ ጎሚኒ ተገጥሞም ማፍሰሱ ከቀጠለ የሚቀመጥበትን ጠርዝ በጣት ዳስሱ፦ የኖራ ቅርፊት ካለበት በኮምጣጤ ፍቁት። የውሃው ከፍታ ትርፍ ውሃ ከሚወርድበት ቱቦ አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። መያዣው ውስጥ የሚጣል የክሎሪን እንክብል ጎሚኒውን ስለሚበላው ይቅር።

ፓምፕ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ፕረዠር ታንኩን (በአየር ግፊት ውሃ የሚገፋውን ታንክ) ፈትሹ። ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ አየሩን በጎማ መለኪያ ለኩ፤ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ያህል ማነስ አለበት። የአየር መሙያውን ስትጫኑ ውሃ ከወጣ የውስጡ ፊኛ ተቀዷል፤ አየር መሙላት አይጠቅመውም። ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ የሚነሳ ከሆነ ግን ከታንኩ ወደ ሕንፃው በሚሄደው መስመር ላይ ያለውን ቫልቭ ዝጉ። ግፊቱ አሁንም ከወረደ ውሃውን የሚመልሰው የተበላሸ ኖን ሪተርን ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ) ሊሆን ይችላል፤ ካልወረደ ፍሳሹ ሕንፃው ውስጥ ነው።

የመብራቱን ምንጭ ለማግኘት ብሬከሮችን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ሰርቨር፣ አሳንሰርና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አይነኩም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ የተዛባበት የውጭ መብራት ታይመርና ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የአየር ማስወጫ በተደጋጋሚ የሚገኙ ናቸው። ቦይለር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ የተጠራቀመ ሙቅ ውሃ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቢቀመጥ ከባድ የሳንባ ምች የሚያስይዘው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ቧንቧው ላይ የሚያቃጥለውን በማደባለቂያ ቫልቭ አብርዱት።

የጽዳት ፈሳሽም ይለካ። ዕቃው ላይ 1 ለ50 የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ሲበዛ ወለሉ ላይ የሚቀረው የሚያጣብቅ ሽፋን ቆሻሻ ይስባል፣ ለማለቅለቅም ተጨማሪ ውሃ ይጠይቃል። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ የሌሊቱን ንባብ ድገሙና ከቀድሞው ጎን ጻፉት። ቁጥሩ ካልወረደ የተጠገነው ዋናው ቀዳዳ አልነበረም፤ ወደሚቀጥለው ቫልቭ ወይም ብሬከር እለፉ።