አቆስጣ አይድህም
ስለ አቆስጣ አካሄድ ስንተርክ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ አፀደ ሕፃናት የምታስተምሩ፣ ለልጆች የእንስሳት ፊልም በአማርኛ የምትተርኩ፣ እባካችሁ «ዳኸ» የሚለውን ቃል ተዉልን። መዳህ በእጅና በጉልበት ነው። አቆስጣ (እንግሊዝኛው «ሲል» የሚለው የባሕር እንስሳ፤ ስሙን ከኦሪት ዘጸአት፣ «የአቆስጣ ቁርበት» ከሚለው የምናውቀው) የኋላ መቅዘፊያዎቹን፣ ማለትም የሚዋኝባቸውን እግሮቹን፣ ከሆዱ ሥር አጥፎ ሊቆምባቸው አይችልም፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የተዘረጉ ናቸው። ስለዚህ ደረቱን መሬት ላይ ጣል ያደርጋል፤ ወገቡን ሰብሰብ አድርጎ ዳሌውን ወደ ፊት ይስባል፤ ዳሌው መሬት ሲይዝ ደረቱን እንደገና ወደ ፊት ይወረውራል። ደረት፣ ዳሌ፣ ደረት፣ ዳሌ። አባጨጓሬ ሲሄድ ያየ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። «እጥፍ ዘርጋ እያለ ተንፏቀቀ» በሉት።

«ጋለበ»ም አትበሉ። እንግሊዝኛው «ጋለምፍ» ይለዋል፤ ቃሉን እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1871 ለግጥም ጨዋታ ፈጠረው፣ በኋላ የእንስሳት አጥኚዎችም ለአቆስጣ ወሰዱት። ድምፁ ጋለበን ስለሚመስል ብቻ ፈረስ አታድርጉት።

የሚጋልብስ የባሕር አንበሳ ነው። እሱ የኋላ መቅዘፊያዎቹን ወደ ፊት አዙሮ በአራቱም ይራመዳል፣ ሲቸኩልም ይዘላል። ግሥ ከመምረጣችሁ በፊት ጆሮውን እዩ፦ ትንሽ የጆሮ ቅጠል ካለው «ተራመደ»፣ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ «ተንፏቀቀ»። ዋልረስ (ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ያሉት የባሕር እንስሳ) ብቻ ያደናግራል፤ የጆሮ ቅጠል ሳይኖረው በአራቱም ይሄዳል።

«እንደ እባብ ተሳበ» አትበሉ። እባብ ወደ ግራና ቀኝ ይጥመዘመዛል፣ አቆስጣ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ግን ክራብኢተር የሚባለው ዝርያ ወደ ጎን እየተጥመዘመዘ ስለሚሄድ ለእሱ ይሆናል።

በጣና ጉማሬም አታመሳስሉት። ልጁ አራት እግር ያስባል።

«ሰነፍ» ማለትም ይቅር። ወንዱ ዝሆን አቆስጣ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ያን ሁሉ ጮማ በየብስ ተሸክሞ ጥቂት ከተንፏቀቀ በኋላ ማረፉ የግድ ነው።

ልጆቹን ስታጫውቱ ሰሌን ላይ በሆዳቸው አስተኟቸው፤ እጃቸው ከጎናቸው ይለጠፍ፣ እግራቸው ይገጠም። ጉልበቱን ለያይቶ ወይም በእግሩ ጣት ገፍቶ የሚሄድ ልጅ መዳህ ጀምሯል፤ መልሱት። ሁለት ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አንገታቸውን ሊያማቸው ይችላል። ግራጫውን አቆስጣ መምሰል የፈለገ ግን መዳፉን ከፊቱ ተክሎ ራሱን ይጎትት፤ ያኛው የፊት መቅዘፊያውን ይጠቀማልና።