ዌልሽኛ ለአዋቂ ጀማሪ፦ በእንግሊዝኛ ሳይዞሩ፣ ከአማርኛ ተነሥቶ

የብሪታንያ ክፍል የሆነችውን የዌልስን ቋንቋ፣ ዌልሽኛን፣ ለአዋቂዎች የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ተማሪው አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ነው ብሎ ይነሣል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ድሮ በሚያውቀው ነገር ላይ ገጽ ይጨርሳል፤ በእውነት በሚያደናቅፈው ነገር ላይ ግን ሮጦ ያልፋል። እንግሊዝኛ ብቸኛው በር አይደለም። በአርጀንቲና ፓታጎንያ ከ1865 ጀምሮ የሰፈሩት የዌልስ ሰዎች ዘሮችና ጎረቤቶቻቸው ቋንቋውን ከስፓኒሽ ተነሥተው ይማራሉ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዌልሽኛ ቃላቱም በግምት፣ በደቡቡ አነጋገር የተጻፉ ናቸው።)

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደናገሩት ዌልሽኛ ንብረትን የሚገልጽ ግስ ስለሌለው ነው። «መኪና አለኝ» ለማለት «ማይ ካር ገዳ ቪ» ይባላል፤ ቃል በቃል «አለ መኪና ከእኔ ጋር» ማለት ነው። አማርኛም የሚለው ይኸንኑ ነው፦ «አለ» ላይ ባለቤቱን መለጠፍ። «ጉንፋን ይዞኛል» ሲሉ ደግሞ «ማይ አኑይድ አርና ኢ»፣ ማለትም ጉንፋን አለብኝ። ዕዳም እንዲሁ ነው፤ «ማይ አርና ኢ ዜግ ፒንት ኢ ቲ» ማለት ያንተ ዐሥር ፓውንድ አለብኝ ነው። «ላይ» የሚለው መስተዋድድ እንደ ሰውየው ይለዋወጣል፦ አርና ኢ፣ አርናት ቲ፣ አርኖ ቬ፣ አርኒ ሂ። ይህን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። በአማርኛ ግን አለብኝ፣ አለብህ፣ አለበት፣ አለባት ብሎ መጨረስ ይቻላል። አንድ ዓረፍተ ነገር አልገባ ሲልዎት እንግሊዝኛውን ትተው ከ«አለኝ» እና ከ«አለብኝ» አንዱን ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

የማይገጥመው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ዌልሽኛ መጀመሪያ ላይ። «ልጅቷ ውሻ አየች» በዌልሽኛ «አየች ልጅቷ ውሻ» ይሆናል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ልማድ ብቻ ነው። በቀን 10 ዓረፍተ ነገር ግሱን አስቀድመው ጮክ ብለው ይበሉ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ሳይዘሉ።

ድምፁን መጀመሪያ ማስተካከል

ዌልሽኛ እንደተጻፈ ይነበባል፤ በአንድ ሳምንት ያልገባዎትን ሁሉ ማንበብ ይችላሉ። ፊደላቱ 29 ናቸው፤ ስምንቱ በሁለት ምልክት የሚጻፉ ቢሆኑም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ። መዝገበ ቃላት ሲገልጡ ይህ ዋጋ ያስከፍላል። «ኽዋይር» (እህት) የሚጀምረው በሲና በኤች ነው፤ ሲ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም፣ ሲ ሁሉ ካለቀ በኋላ የራሱ ክፍል አለው። ኤንና ጂ አብረው የሚሠሩት ፊደል ደግሞ ከጂ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው፤ ነባሮቹም ተማሪዎች ይረሱታል።

አንድ ኤፍ «ቭ» ነው፣ ሁለት ኤፍ «ፍ»። ሁለት ዲ እና ቲ-ኤች ምላስን በጥርስ መሃል አድርገው የሚወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ድምፅ አለው፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ብቻ ነው። እዚህ በ«ዝ» እና በ«ስ» ጽፈናቸዋል፣ ግን ምላሱን አይርሱ። ሲ-ኤች በትግርኛ እንደሚሰማው «ኸ» ከጉሮሮ የሚፋቅ ነው።

ሁሉም የሚፈራው ሁለት ኤል ነው። አፍዎን «ል» ለማለት ያዘጋጁ፤ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይጣበቅ። ከዚያ ምላሱን ሳያነቃንቁ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ትንፋሹን በጉንጭ በኩል ይልቀቁት። እጅዎን ጉሮሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ከነዘረ ተሳስተዋል። «ሽል» ወይም «ክል» እያሉ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚመጣውም ምላሱ ቶሎ ስለሚላቀቅ ነው።

በሁለት አናባቢዎች ግን አማርኛ ተናጋሪው ይቀድማል። ከመጨረሻው ክፍለ ቃል በፊት ያለው ዋይ በብዛት የ«ከ» አናባቢ ነው፤ ዌልስ «ከምሪ»፣ ቋንቋው «ከምራይግ»። በሰሜን ዌልስ ዩ የሚባለው ፊደል ደግሞ ሳድስ ነው፤ «አንድ» በደቡብ «ኢን» ሲሆን በሰሜን «እን» ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ሳድስ ለማውጣት ዓመት ይታገላሉ።

ጉልበት የሚያርፈው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ክፍለ ቃላቱን እኩል የማስኬድ ወይም ተነባቢውን የማጥበቅ ልማድ አለው። የአናባቢ ርዝመትም ትርጉም ይለውጣል፤ «ታን» ረጅም ሲሆን እሳት፣ አጭር ሲሆን እስከ። በጽሑፍ ረጅሙ ላይ ትንሽ ጣሪያ የመሰለ ምልክት ይደረግበታል።

አፍንጫው የሚለወጥ ቃል

አማርኛ ቃሉን በጭራው ይለውጣል፤ ድመቱ፣ ድመቷ። ዌልሽኛ በአፍንጫው፣ ማለትም በመጀመሪያ ፊደሉ። ድመት «ካስ» ነው። የእሱ ድመት «ኢ ጋስ ኤ»፣ የእሷ ድመት «ኢ ኻስ ሂ»። «የእሱ» እና «የእሷ» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የማን ድመት እንደሆነች ገና ከመጀመሪያው የሚናገረው የ«ካስ» የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ሦስት ዓይነት ለውጥ አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ይበቃል፦ ለስላሳው። ዘጠኝ ፊደላትን ይነካል፦ ፕ ወደ ብ፣ ት ወደ ድ፣ ክ ወደ ግ፤ ብ እና ም ሁለቱም ወደ ቭ፤ ድ ወደ ሁለት ዲ፤ ሁለት ኤል ወደ ተራ ል፤ አር-ኤች ወደ ተራ ር፤ ግ ጭራሽ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አፍ ሳይንቀሳቀስ ጉሮሮ ብቻ ሲነዝር የሚመጡ ናቸው፤ ይህን ካወቁ ማስታወስ አያስቸግርም።

«ግዌሎዝ ኧ ቬርኽ ጊ» የሚለውን ቀረብ ብለን እንየው። ልጅቷ ውሻ አየች ማለት ነው። «ቬርኽ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልጉ የለም፤ «ጊ»ም የለም። የመጀመሪያው «ሜርኽ» (ልጃገረድ) ነው፤ አንስታይ ነጠላ ስም ስለሆነና ከፊቱ «ኧ» የሚለው ጠቋሚ ስለመጣ ለሰለሰ። ሁለተኛው «ኪ» (ውሻ) ነው፤ ጊዜንና ሰውን በራሱ መጨረሻ የሚያሳይ ግስ ተሳቢ ስለሆነ ለሰለሰ። እንግዲህ ቃል ሲጠፋብዎ ለውጡን ወደ ኋላ ይመልሱ፦ በቭ ከጀመረ በብ እና በም፣ በግ ከጀመረ በክ ይፈልጉ። በአናባቢ ከጀመረና ካልተገኘ ፊቱ ላይ ግ ጨምሩበት፤ «አርዝ» የሚለው «ጋርዝ» (የአትክልት ቦታ) ሆኖ ይገኛል።

ሰንጠረዡን መሸምደድ ግን አይጠቅምም። ሰንጠረዡን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ለመናገር ሲነሣ በየቃሉ ፊት ቆሞ ሒሳብ ይሠራል። የሚሠራው ሐረግ መያዝ ነው። ባንጎር የምትባለውን ከተማ ይውሰዱ፦ ወደ ባንጎር «ኢ ቫንጎር»፣ በባንጎር «ኧም ማንጎር»። ድንበር ላይ የተተከለው የ«እንኳን ደህና መጡ» ሰሌዳ «ክሮይሶ ኢ ገምሪ» ይላል፤ ከምሪ ከ«ኢ» በኋላ ገምሪ ሆኗል። በካርድ ላይ ስም ብቻውን አይጻፍ፤ ከቅጽል ጋር ይጻፍ። «ኪ ዲ» ጥቁር ውሻ፣ «ካስ ዚ» ጥቁር ድመት። ቅጽሉ ሲለሰልስ ስሙ አንስታይ መሆኑን ያኔውኑ ይነግርዎታል፤ ጾታን ለብቻ ማስታወስ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለውጥ ተወላጆቹም በንግግር ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል። ስለዚህ በስህተቱ አይቁሙ፣ ይቀጥሉ።

«አዎ» የሚባል አንድ ቃል የለም

መልሱ የጥያቄውን ግስ ይደግማል፤ «ትወዳለህ?» ሲባል «እወዳለሁ» እንደማለት። «ኡት ቲን ሆፊ ኮፊ?» (ቡና ትወዳለህ?) ሲባል «አዱ»። «ኦይስ» ብሎ የጀመረ ጥያቄ (አለ ወይ?) መልሱ «ኦይስ» ነው። ጥያቄው ስላለፈ ጊዜ ሲሆን አዎንታው «ዶ»፣ አሉታው «ናዞ» ነው። ጀማሪዎች «ኢዬ» የሚለውን ይዘው ለሁሉም ይመልሱበታል፤ እሱ ግን «እሱ ነው ወይ?» ዓይነት አጽንዖት ላለው ጥያቄ ብቻ ነው።

«ቲ» እና «ኺ» ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንተ/አንቺ እና እርስዎ ናቸው። «ኺ» እናንተንም ይጠቀልላል።

የትኛው ትምህርት፣ ስንት ጊዜ

ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ትምህርት ከ2016 ጀምሮ የሚመራው ብሔራዊ የዌልሽኛ መማሪያ ማዕከል ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ መነዲያድ፣ ሰልቫይን፣ ካኖልራዝ፣ ኢውኽ እና ግሎይዊ፤ ከኤ1 እስከ ሲ1 ካለው የአውሮፓ መለኪያ ጋር በግምት ይጣጣማሉ። በሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት የሚማር ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ፈጣን ክፍል የገባ በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል። ሥራዎ ከፈቀደ ፈጣኑ ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ ሲሆን ስድስቱ ቀን የተማሩትን ይበላዋል። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 ለሆኑ ከ2022 ጀምሮ ትምህርቱ ነፃ ተደርጓል።

ሲመዘገቡ የሰሜን ወይስ የደቡብ ተብሎ ይጠየቃሉ። የሚኖሩበትን ይምረጡ፤ ከዌልስ ውጭ ከሆኑ የሚያናግሩት ሰው የሚናገረውን። ወተት በሰሜን አንድ ቃል ነው፣ በደቡብ ሌላ፤ «እፈልጋለሁ»ም እንደዚያው። «አሁን» ደግሞ በደቡብ «ናውር» ነው፤ የሰሜኑ ቃል ፊደላቱ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁለቱን አብሮ መጀመር ምንም አያተርፍም፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጆሮዎ ሌላውን በራሱ ይለምደዋል።

የስልክ መተግበሪያ ለቃላትና ለቀን ልማድ ጥሩ ነው፣ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በእሱ ብቻ የተማረ ሰው ግን ያነባል እንጂ ሲናገሩት አይሰማም፤ እውነተኛ ተናጋሪ ቃላቱን አጣብቆ ነውና የሚናገረው።

ከክፍል መውጣት

በ2021 ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የዌልስ ነዋሪዎች 538,000 ያህሉ ዌልሽኛ እንናገራለን ብለዋል፤ 17.8 በመቶ። በሰሜን ምዕራብ ባለው አውራጃ በግዊኔዝ 64.4 በመቶ ሲሆን በዋና ከተማዋ በካርዲፍ 12.2 በመቶ ነው። ልዩነቱ በኑሮ ይሰማል፦ ግዊኔዝ ውስጥ ሱቅ ገብተው በዌልሽኛ መጀመር ይችላሉ፤ ካርዲፍ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል። ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ ሠራተኞች ልብስ ላይ ብርቱካናማ የንግግር አረፋ ያለበት ምልክት ካዩ ያ ሰው ዌልሽኛ ይናገራል።

ዋናው እንቅፋት ማንም እንግሊዝኛ የሚችል መሆኑ ነው። ሁለት ሰከንድ ካመነቱ ሰውየው በቸርነት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገርልዎታል። ከዚህ የሚያድኑ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከመጀመሪያው ሳምንት በቃል ይያዙ፦ «ዱ ኢን ደስጊ ከምራይግ» (ዌልሽኛ እየተማርኩ ነው)፣ «ሻራዱኽ ኧን አራቭ» (ቀስ ብለው ይናገሩ)፣ «ኤቶ፣ ኦስ ግዌሉኽ ኧን ዛ» (እንደገና፣ እባክዎ)። «አራቭ»ን አይረሱትም፤ በዌልስ መንገዶች አስፋልት ላይ በነጭ ቀለም ለሾፌር የተጻፈው ቃል ነው። የሚሉዎት ከተማሩት ውጭ ቢሆንም ያልገባዎትን በእንግሊዝኛ አይጠይቁ፤ አንዴ ከተሻገሩ መመለስ ይከብዳል። ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ቋንቋ ከለመዱም መቀየሩ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ከሚተዋወቁት ሰው ጋር ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ በዌልሽኛ ይያዙት።

ማዕከሉ «ሻራድ» በሚል ስም ተማሪን ከተናጋሪ ጋር ያጣምራል። የክፍል ትምህርት በክረምታቸው አጋማሽ ሳይሆን በበጋቸው ይዘጋል፤ እስከ መስከረም ያለው ክፍተት ብዙ ሰው የሚጠፋበት ነው፤ ጥምሩን ለዚያ ጊዜ ያስቀምጡት። ሰሜን ውስጥ ሊን ልሳነ ምድር ላይ ያለው ናንት ጉርሰይርንም አለ፤ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች መንደር የነበረ፣ አሁን አድረው የሚማሩበት ማዕከል።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ መቆም የተለመደ ነው። ሁሉንም መናገር ይቻላል፣ ግን ሁሉም ነገር በአጭሩ። እዚህ ላይ ሰዋስው መጨመር ሳይሆን መስማት ነው የሚያወጣው። ኤስ-ፎር-ሲ የሚባለው የዌልሽኛ ቴሌቪዥን ከ1982 ጀምሮ አለ። አንድ ድራማ ይምረጡ፤ 5 ደቂቃውን በዌልሽኛ የግርጌ ጽሑፍ፣ ከዚያ ያንኑ 5 ደቂቃ ያለ ጽሑፍ ይመልከቱ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከከፈቱ ጆሮዎ ይዘጋል። ሬዲዮ ከምሪን ደግሞ ስለሚያውቁት ጉዳይ ሲያወራ ያዳምጡ፤ ስፖርት ከወደዱ ስፖርት።

ከፍተኛው ደረጃ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጽሑፍ ቋንቋው ነው፤ ከንግግሩ ይርቃል። በንግግር «ዱ ኢ» (ነኝ) የሆነው በመደበኛ ጽሑፍ ረዝሞ ይመጣል። ዜናና ይፋዊ ደብዳቤ አድራጊውን ሳይጠቅስ የሚናገርበት ቅርጽ ይወዳል፤ መጨረሻው «ኡይድ» የሆነ ግስ ካዩ «ተደረገ» ብለው ያንብቡት። የሕንፃ ግድግዳ ላይ ያለ ጽላት «አጎሩይድ» ብሎ ቢጀምር «ተከፈተ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደከፈተውና መቼ እንደሆነ ይመጣል።

ቁጥርም እዚህ ይመለሳል። ለሒሳብ ዘመናዊው በዐሥር በዐሥር የሚሄደው በቂ ነው፣ ለሰዓትና ለቀን ግን አሮጌው በሃያ የሚቆጥረው ይፈለጋል፤ 18 «ደይናው» ነው፣ ሁለት ዘጠኝ ማለት። ከቁጥር በኋላ ስም በነጠላ ይቆማል፤ እኛም «ሦስት ሰው» እንላለንና ይህ አያስቸግርም።

ለቃል ትርጉም የዌልስ ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የመጀመሪያው እትም ከ1950 እስከ 2002 ድረስ በክፍል በክፍል የወጣ ነው። ለሚጽፉት ደግሞ ከባንጎር ዩኒቨርሲቲ የወጣውን «ከሲል» የተባለ አራሚ ይጠቀሙ። አራሚው ያሰመረበትን ወዲያው አይቀበሉ፦ መጀመሪያ የትኛው ቃል ለውጡን እንዳመጣ ራስዎ ይፈልጉ፣ ከዚያ ይጫኑት። በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንዲህ ሲያርሙ በወር ውስጥ ተደጋግመው የሚሠመሩት አራት ወይም አምስት ቦታዎች ብቻ ሆነው ያገኟቸዋል፤ ልምምዱ በእነሱ ላይ ይሁን።