ያረጀች ድመት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ድመት 10 ዓመት ካለፋት በኋላ የሚደርስባትን ሁሉ «አርጅታ እኮ ነው» ብለን እንተወዋለን። አብዛኛው ችግር ግን የራሱ ምክንያት አለው።

ትከሳለች

መጀመሪያ የምትበላውን እዩ። እዚህ ሰሜን ሸዋ በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ቤት ሥጋ አይገባም። ወጣቷ ድመት አይጥ አድና ትከርማለች፤ ያረጀችው ግን ጉልበት የላትም። ሽሮ በእንጀራ አያኖራትም፤ ድመት ያለ ሥጋ የማትኖር እንስሳ ናት። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ጨውና በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ለብቻዋ አድርቁላት፤ ስትሰጧት ቀቅሉት። ዶሮ ካላችሁ እንቁላልም ቀቅላችሁ ጨምሩላት። የወጥ ትራፊ ግን ተዉ! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ።

ደህና እየበላች ከከሳች ጥገኛ ትል ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ውሃ አብዝታ ከጠጣችና ሽንቷ ከበዛ ኩላሊት ወይም ስኳር ጠርጥሩ። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። «ሽንት አበዛች» ብላችሁ ውሃ አትከልክሏት፤ ይብስባታል።

ምግቡን አሽትታ ትተወዋለች

አፏን ክፈቱና እዩ። መጥፎ ሽታ፣ የቀላ ድድ ወይም የሚዝረበረብ ለሃጭ ካለ ጥርሷ ታሟል። እስክትታከም ሥጋውን አድቅቃችሁ፣ ጨው በሌለው መረቅ ለብ አድርጋችሁ ስጧት። ሲሞቅ ሽታው ይስባታል።

መደብ ላይ መውጣት ትታለች፣ ቤት ውስጥ ትሸናለች

ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያዋን አሟት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጤነኛም ይከብዳል። በሌሊት ደጅ መውጣት ብትፈራ አይፈረድባትም፤ አትምቷት። ጠርዙ ዝቅ ባለ ሳፋ አሸዋ አድርጉላት። መኝታዋን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አሮጌ ጋቢ አንጥፉበት። ወደ መደቡ መረማመጃ የሚሆን ነገር አስቀምጡ።

አደራ፣ ለሕመሟ ፓራሲታሞል አትስጡ። አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል።

ቀን የማይሰጡ

ድንገት ማየት ካቃታት፣ ለመተንፈስ ከታገለች ወይም ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሳታድሩ ሐኪም ፈልጉ። ወንዱ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣለት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት።