ዊልቸር ወይም ሰው ሰራሽ እግር በመንግሥት ድጋፍ እንዴት ይገኛል? ጎንደር ላሉ ቤተሰቦች

አክስቴ የመጀመሪያ ዊልቸሯን ያገኘችው በአንድ የርክክብ ዝግጅት ላይ ነው። በጣም ደስ ብሎን ነበር። ወንበሩን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ወደ ቤት ወሰድነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል መጣ፤ ቡና ተፈላ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዳሌዋ ላይ ቁስል ወጣ። ወንበሩ ለግዙፍ ወንድ የሚሆን ነበር፤ አክስቴ ደግሞ ቀጭን ናት። መቀመጫው ስለሚሰፋት ወደ ግራ ታዘነብላለች። እኛም ክፍተቱን በታጠፈ ጋቢ ሞላነው። የጋቢው እጥፋት ቆዳዋን ሲልጠው አልተሰማትም፤ ከወገቧ በታች ስሜት የላትም። ቁስሉ እስኪድን ከግማሽ ዓመት በላይ አልጋ ላይ ዋለች።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ የጠናነው የምንፈልገውን በቅጡ ሳናውቅ ነው። «ዊልቸር ስጡን» አልን፤ ዊልቸር ተሰጠን። መጠየቅ የነበረብን በልኳ የሆነውን ነበር። ልኩ ደግሞ የሚገኘው ባለሙያ በጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት ለገንዘቡም በር ከፋች መሆኑን ያወቅሁት በሁለተኛው ዙር ስንመላለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን በ8 ደረጃ ይከፍለዋል። ገንዘብ ማፈላለግ 4ኛው ነው። ከእሱ በፊት ሪፈር፣ ምርመራና ትእዛዝ መጻፍ ይቀድማሉ። እኛ ከ4ኛው ጀምረን ነበር።

ከፋዩ ማን እንደሆነ ለዩ

አንድ ቅጽ ሞልታችሁ ሁሉን የምትጨርሱበት መስኮት አትጠብቁ። ገንዘቡ ያለው በየቦታው ተበታትኖ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ጉዳቱ በምን ደረሰ?» ነው።

ሥራ ላይ ከሆነ፣ ቀበሌ ከመሄዳችሁ በፊት አሠሪው ጋ ሂዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሕክምና ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። በዚህ ወጪ ውስጥ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሰራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ መሣሪያም አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። የግንባታ ሠራተኛ ከፎቅ ወድቆ እግሩን ሲያጣ፣ የሆስፒታሉ ሂሳብ ይከፈልለትና በክራንች ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሰው ሰራሽ እግሩም የአሠሪው ግዴታ መሆኑን የሚነግረው አያገኝም። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ከተባላችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ውሰዱት።

የመኪና አደጋ ከሆነ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሆስፒታል ማስረጃ ይዛችሁ መድን ሰጪው ጋ ትሄዳላችሁ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለእንዲህ ዓይነቱ ተጎጂ ፈንድ አቋቁሟል።

ጉዳቱ በውልደት፣ በሕመም ወይም በእርጅና የመጣ ከሆነ መንገዱ በማኅበራዊ ጉዳይ በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እርዳታ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሚል ገደብ ግን አለው። ያ ገደብ በጀት ማለት ነው። በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦት ላይ ደርሳችሁ ብትጠይቁ «በጀት አልቋል» ልትባሉ ትችላላችሁ። ከበጋው ጀምራችሁ ወረቀቱን አዘጋጁና ማመልከቻችሁ ለመጪው ዓመት ዕቅድ ሲያዝ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ። ሐምሌ ላይ ደግሞ እንደገና ብቅ በሉ።

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ

በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል አትሂዱ። በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ታዩና ሪፈር አጽፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ደብተራችሁን ያዙ፤ የዓመቱ ክፍያ መታደሱን ቀድማችሁ እዩ። ሪፈር ሳትይዙ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌ ስለሆነ፣ የቤቱ ኑሮ ከብዷችሁ እያለ ስማችሁ ካልገባ ዝም አትበሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታምታቱ። ጤና መድህን በዋናነት የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው፤ ካርዱን፣ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን። «ዊልቸሩንም ይከፍልልኛል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምርመራውን ከሸፈነላችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው። የምትፈልጉት ወረቀት የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሪፈሩ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደርሳችኋል። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ዛሬ የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ሐኪሙ ካያችሁ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲልካችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ካልጠየቃችሁ ሊታለፍ ይችላል። የመስማት ችግር ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም፣ የዓይን ከሆነ የዓይን ክፍል ነው የምትጠይቁት። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባል ሥራም አለው። ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ይሠራሉ። በእናንተ ሰፈር ይደርሱ እንደሆነ ጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

«ዊልቸር ያስፈልጋታል» የሚል አንድ መስመር ይዛችሁ አትውጡ። አክስቴ በሁለተኛው ዙር የሄደች ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቷ ጠንካራ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሜትር አወጣች። «እትዬ፣ ቀና ይበሉልኝ» አለቻትና ሦስት ቦታ ለካች። ዳሌዋን ከጎን ወደ ጎን፣ ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ፣ ከጉልበቷ መታጠፊያ እስከ ተረከዟ።

የመጀመሪያው ልክ የመቀመጫው ስፋት ነው፤ ከዳሌ ልክ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛው የመቀመጫው ጥልቀት ነው፤ ከተለካው ላይ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ አለበለዚያ የመቀመጫው ጠርዝ የጉልበትን ጀርባ ይጫናል። ሦስተኛው ከመቀመጫው እስከ እግር ማሳረፊያው ያለው ርዝመት ነው። እሱ ሲያጥር ጉልበት ወደ ላይ ይነሳና የሰውነት ክብደት ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከልኩ ጋር ሁለት ነገር ይጻፍላችሁ። አንደኛው ትራሱ ነው። ስሜት ለሌለው ሰው ጫና የሚቀንስ የመቀመጫ ትራስ የመሣሪያው አካል ነው፤ ለብቻው ካልተጻፈ ሳይሰጥ ይቀራል። ሁለተኛው የምትኖሩበት መንገድ ነው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ኮብልስቶኑ ላይ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ድንጋይና ድንጋይ መሃል ይሰነቀራሉ፤ ተቀማጩ ወደ ፊት ይደፋል። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ወንበር ከማራኪ ወደ ፒያሳ አያወጣም። «ሜዳማ ያልሆነ፣ ኮብልስቶን ያለበት ሰፈር፤ ሰፋ ያለ የፊት ጎማ ያለው» ተብሎ ይጻፍ። በእጅ የሚዘወረው ባለሦስት ጎማም ሜዳማ ለሆነው ሰፈር ጥሩ ነው፤ አዘዞ አካባቢ ላለ ሰው ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ግን ትከሻ ይጨርሳል።

ክራንች ከሆነ፣ ቁመቱ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል። ክብደት የሚያርፈው እጅ ላይ እንጂ ብብት ላይ አይደለም፤ ብብት ላይ የሚደገፍ ሰው ነርቩ ይጎዳና እጁ ይደነዝዛል። ለዓይነ ስውር ነጭ በትር ደግሞ ከመሬት እስከ ደረት አጥንት የሚደርስ ይመረጣል።

ሰው ሰራሽ እግር ትንሽ ይለያል

እግር ከገበያ ተገዝቶ አይመጣም፤ በሰውየው ገላ ላይ ጄሶ ተደርጎ፣ ቅርጹ ወጥቶ ነው የሚሠራው። የአካል ተሃድሶ ማዕከል ባሕር ዳር አለ፤ ደሴም አለ። ወደዚያ ከመነሳታችሁ በፊት ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራላችሁ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። መሄድ ግድ ከሆነ ሪፈሩ ወደ ማዕከሉ ይጻፍ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ፤ ስልክ ደውላችሁ ስንት ቀን እንደሚያቆይና ማደሪያ እንዳለው እወቁ። መለካት፣ መሞከር፣ መራመድ መለማመድ ስላለ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አያልቅም።

እስከዚያው የተቆረጠውን እግር በባንዴጅ አጥብቆ መጠቅለል ከባለሙያ ተማሩ። ከጉልበቱ ሥር ትራስ አታስቀምጡ። ምቾት ይመስላል፤ ግን ጉልበቱ ታጥፎ ይደርቅና ሰው ሰራሹ እግር አልገባ ይላል። ለሕፃን እግሩ በየስድስት ወሩ ገደማ መቀየር አለበት፤ ለአዋቂ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ «ልጁ እያደገ ስለሆነ በየጊዜው መቀየር ይኖርበታል» ብላችሁ ጻፉ።

ቀበሌ፣ ክፍለ ከተማ፣ መዝገብ ቤት

አሁን ደጅ መጥናት ይቻላል። የታዘዘውን ወረቀት፣ መታወቂያ (ፋይዳ ካላችሁ እሱንም)፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የጤና መድህን ደብተር ኮፒ ያዙ። ከቀበሌ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ ነዋሪነታችሁንና የገቢያችሁን ሁኔታ የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ። በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ያንን ማስረጃም ያያይዝ። ገንዘቡ ለዕለት ኑሮ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር ግን ችግራችሁን ያስረዳል።

ከዚያ ማመልከቻው ለክፍለ ከተማው ወይም ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ይገባል። ረጅም አታድርጉት። የእኛ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ በሐኪም የታዘዘ ተሽከርካሪ ወንበር ድጋፍ ስለመጠየቅ። ከላይ ስሜ የተጠቀሰው አመልካች በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት መራመድ አልችልም። ቀደም ሲል የተሰጠኝ ወንበር ልኬ ባለመሆኑ የመቀመጫ ቁስል አስከትሎብኛል። ስለዚህ በተያያዘው የሐኪም ትእዛዝ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ከመቀመጫ ትራስ ጋር ድጋፍ እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሦስት ኮፒ አድርጉ። ማመልከቻውን ለባለሙያው በእጅ ሰጥታችሁ አትሂዱ። መዝገብ ቤት አስገቡ፤ የገቢ ቁጥርና ቀን በእናንተ ኮፒ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት። «ነገ ተመለሱ» ሲባል ቁጥሩን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። ቁጥር የሌለው ጥያቄ ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ይህ የደረሰብን ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ጽሕፈት ቤቱ ዕቃው ከሌለው ሦስት ነገር ጠይቁ። በግዢ ይቻላል ወይ? ከተቻለ ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ማን ያመጣል? ካልተቻለ ወደ ክልሉ ቢሮ ወይም መሣሪያ ወደሚያድል ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልናል ወይ? የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም መሣሪያ ሲመጣ ቀድመው ይሰማሉ። አባል ሁኑ፤ ስማችሁን ከነልካችሁ ያስመዝግቡላችሁ። «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ግን አምስት ብር አትስጡ። የታክሲና የአልጋ ወጪ ከጎደለ እድራችሁን አማክሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ርክክብ ቀን

ሳትሞክሩ አትፈርሙ። ሰውየው ተቀምጦ ይታይ። እጃችሁን ዳሌውና የወንበሩ ጎን መሃል አስገቡ፤ መዳፍ ሙሉ ክፍተት ካለ ሰፊ ነው። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክሩ። ጎማው በነፋስ የሚሞላ ከሆነ ፓምፕና መለዋወጫ ከመነዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ጠይቁ። የመስሚያ መሣሪያ ከሆነ የባትሪውን ቁጥር ጻፉና ጎንደር ውስጥ የት እንደሚገኝ እዚያው ጠይቁ፤ ባትሪ አጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ አይቻለሁ። ልኩ ካልሆነ ባለጌ እንባላለን ብላችሁ አትፍሩ። «እግዜር ይስጥልን፤ ግን ልኳ አይደለም፤ ትእዛዙ ይኸውና» በሉ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ በየቀኑ ማታ መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በብርሃን እዩ። የቀላ፣ ተጭናችሁ ስትለቁት መልኩ የማይመለስ ቦታ ካያችሁ በዚያ ላይ አይቀመጥ፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየግማሽ ሰዓቱ በእጁ ተደግፎ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ይበል፤ ካልቻለ ወደ ጎንና ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉት።

አክስቴ አሁን ያለችበት ወንበር በትእዛዟ ልክ የመጣ ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ከገባ በአሥራ አንደኛው ወር ደረሰን። የመጀመሪያውን ወንበር ባለፈው ዓመት ለአንድ ግዙፍ ጎረቤታችን ሰጠነው፤ መጀመሪያ ግን ሜትር ይዘን ሄደን ለካነው።