ጋሻ ለበስን በቀለሟ የምትለዩ ሰዎች፣ እባካችሁ

እንግሊዝ አገር ኅዳር በገባ ቁጥር ከጀማሪዎች የሚደርሰኝ ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነው፤ እንጆሪ ቁጥቋጦ ላይ የተቀመጠች፣ ጀርባዋ ጋሻ የመሰለ ቡናማ ነፍሳት፣ ማለትም ጋሻ ለበስ (shieldbug)። ጥያቄውም አይለወጥም፦ «አዲስ ዝርያ ናት?» አይደለችም! መስከረም ላይ ከቅጠሉ መለየት ያቃታችሁ ያችው አረንጓዴዋ ፓሎሜና ፕራሲና ናት። የብርዱን ወራት የምታሳልፈው ተደብቃ ነው፤ ቅጠል በረገፈበት ወቅት አረንጓዴ ሆኖ መታየት ለወፍ ራት መሆን ነውና ቀደም ብላ ቡናማ ትሆናለች። የጸደይ ሙቀት ሲመጣ አረንጓዴነቷ ይመለሳል። አልታመመችም፣ አላረጀችም።

ስቆጣ ራሴን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። በጀመርኩበት ዓመት ጥር ላይ ከደረቀ ቅጠል ሥር ያገኘኋትን ቡናማ ጋሻ ለበስ፣ ያለ አንዳች ማመንታት ፔንታቶማ ሩፊፔስ የተባለችው ሌላ ጋሻ ለበስ ናት ብዬ መዘገብኩ። ይህች ዝርያ ግን ብርዱን የምታሳልፈው ክንፍ ባላወጣች ግልገልነቷ ነው፤ የእኔዋ ሙሉ ክንፍ ነበራት። ደግሞም ፔንታቶማ ትከሻዋ ቆልመም ያለ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ጫፍም ብርቱካናማ ወይም ነጣ ያለ ነጥብ አላት። ከዚህ አንዱንም አላየሁም፤ ቡናማነቷ በቃኝ።

ቀለሙን ተዉትና ከወደ ኋላዋ ያለውን ስስ የክንፍ ጫፍ ተመልከቱ። ፓሎሜና ጀርባዋ አረንጓዴም ሆነ ቡናማ፣ ይህ ጫፍ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሌላዋ አረንጓዴ ጋሻ ለበስ በሆነችው በኔዛራ ቪሪዱላ ላይ ግን ፈዛዛ ነው፤ በሦስት ማዕዘኑ የፊት ጠርዝም ሦስት ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ተደርድረዋል። ኔዛራም በብርድ ወራት ቡናማ ትሆናለች። መነሻዋ ኢትዮጵያ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ ለንደን ውስጥ ስትራባ የታየችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሳገኛት የአገር ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል።

ክንፍ ላላወጣች ግልገል ስም ለመስጠት አትቸኩሉ፤ አምስት ጊዜ ቆዳዋን ስትጥል መልኳም አብሮ ይለዋወጣል። ጥንዚዛ ናት የሚል ካለ ከሥር ይያት፤ መንጋጋ ሳይሆን እንደ መርፌ የቀጠነ መምጠጫ ያገኛል። በጣት መቆንጠጥን ግን አልከለክልም፤ ሽታው ራሱ ያስተምራል።

ከፊት ብቻ ፎቶግራፍ ማንሳት ደግሞ ሌላው ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት ሰባት ልኮልኝ ሰባቱም ፊቷን ብቻ ያሳያሉ። የክንፏን ጫፍ አንሳልኝ አልኩት። ሮጦ ቢመለስ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል።