ሊኒየር፣ ዴሲቤል ወይስ ኤልዩኤፍኤስ? የድምፅ መጠን አሃድ አመራረጥ

የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም በሆነው ኦዳሲቲ ከትራኩ (የድምፁ ሞገድ ከሚታይበት ረድፍ) በስተግራ ባሉት ቁጥሮች ላይ በቀኝ ክሊክ ብታደርጉ ሊኒየር ወይም ዴሲቤል የሚል ምርጫ ይመጣል። ለውጡ እይታውን ብቻ ይቀይራል፤ ድምፁ አይነካም።

ለመቁረጥና ለመቀጠል ሊኒየር (የሞገዱን ቁመት ከመሃሉ 0 እስከ ጣሪያው 1 በእኩል ርቀት የሚያሳየው) ይበቃል። የጀርባ ጫጫታ ለመፈለግ ግን ያታልላል። -40 ዴሲቤል ላይ ያለ የማራገቢያ ድምፅ በሊኒየር 0.01 ብቻ ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር መስሎ ያልፋችኋል። ወደ ዴሲቤል ስትቀይሩት እዚያው ቦታ ላይ ወፍሮ ይታያል፤ ጸጥታ የመሰላችሁ ክፍል ጸጥታ እንዳልነበረ ያኔ ይገባችኋል።

በዴሲቤል ጣሪያው 0 ነው፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ኔጌቲቭ። -6 ማለት የሞገዱ ቁመት ግማሽ ገደማ፣ -20 ደግሞ አንድ አስረኛ ነው። ስትቀዱ ጫፉ (የሞገዱ ከፍተኛ ነጥብ) ከ-12 እስከ -6 ባለው ውስጥ ይዋል። 0 ላይ ደርሶ የተቆረጠ ሞገድ በኋላ ድምፁን ብትቀንሱትም አይመለስም።

ሁለት ቅጂዎች ጫፋቸው እኩል -1 ሆኖ አንዱ ደከም ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ጫፍ የሚለካው የቅጽበት ከፍታን ነውና። ጆሮ የሚሰማውን ጥንካሬ ለማመጣጠን ኤልዩኤፍኤስ (LUFS፣ የሚሰማውን አማካይ ጥንካሬ የሚለካ አሃድ) ተጠቀሙ። ለፖድካስት -16 የተለመደ ነው፣ የአውሮፓ የብሮድካስት ደረጃ ደግሞ -23 ነው። ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ፋይል ላይ ተጠንቀቁ፦ እንደ አንድ ቻናል ሲለካ በሁለት ቻናል (ስቴሪዮ) ከተባዛው ያው ድምፅ በ3 ዝቅ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ በሞኖ -19 የሚያነብ ቅጂ ከስቴሪዮው -16 ጋር እኩል ይሰማል።